የ45 ዙር ሸክላ ፍጥነትና ድምፅ፤ ከመርካቶ ሁለት ቅጂዎች የተማርነው

አንዲት ጓደኛችንን ያለ ጥፋቷ ወቅሰናታል። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው ስለ ሆነ ነገሩን ከዚያው መጀመር ይሻላል።

ባለፈው ዓመት የኪነት ክበባችን ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች መቀበያ አንድ የቆየ ዘፈን መርጦ ነበር። ዘፈኑ በሸክላ ዘመን የወጣ፣ ሴት የዘፈነችው፣ ሳክስፎንና ኦርጋን ያጀቡት ነው። ሸክላውን ከመካከላችን በዐይኑ ያየ አልነበረም፤ በእጃችን የነበረው ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የመጣ ቅጂ ብቻ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቻችን መነሻ ድምፁን ከዚያው ቅጂ አወጣ፤ ጓደኛችንም በዚያው መነሻ እንድትዘፍን ተነገራት። አዝማቹ ላይ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ይሰበራል። ሁለት ሳምንት ተለማመደች፤ ያው ሆነ። እኛም «ትንፋሽሽን አትቈጥቢም»፣ «ልምምድ ይጐድልሻል» እያልን ስንመክራት ከረምንና በመጨረሻ ዘፈኑን ከእርስዋ ወስደን ለሌላ ሰጠን። ሁለተኛይቱም አልቻለችው፤ ዘፈኑም ከዝግጅቱ ወጣ። የመጀመሪያይቱ ጓደኛችን ከዚያ ወዲህ ወደ ክበቡ አልመጣችም።

በኋላ እንደ ደረስንበት ያ ቅጂ ከሸክላው በአንድ ሙሉ ድምፅ፣ ማለት በፒያኖ ላይ ነጭና ጥቁሩን ጨምሮ በሁለት ቁልፍ ያህል፣ የቀጠነ ነበር። ዘፋኟ ራስዋ ዘፈኑን ባልዘፈነችበት ከፍታ እንድትዘፍን ጓደኛችንን አስገድደናታል ማለት ነው።

(የዘፈኑን ርእስ አንጽፍም። ምክንያታችንም ምሥጢር አይደለም፤ ሌላ ንጹሕ ቅጂ እየፈለግን ስለ ሆነ ዋጋው ሳይወጣብን ለመግዛት ብለን ነው።)

ስሕተቱ ከየት መጣ? ከአታሚው ነውን? ከማጫወቻው? ወይስ ወደ ስልክ ከገለበጠው ሰው? ይህን ለማወቅ ስንል ብዙ ቅዳሜ መርካቶ ተመላለስን። ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል እንሞክራለን። ከመካከላችን የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ የለምና የሒሳብ ስሕተት ያገኘ ወንድም ወይም እኅት ቢያርመን ደስ ይለናል።

አስቀድሞ ስለ ሸክላዎቹ ጥቂት እንበል። እንደሚታወቀው የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያዊ ሸክላዎች ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በጀርመን አገር የቀረጿቸው ናቸው። እነዚያ እንደ ገንቦ የሚሰበሩ፣ በደቂቃ ወደ 78 ዙር የሚሽከረከሩ ነበሩ። ትንሹ የ45 ዙር ሸክላ በአሜሪካ የወጣው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው፤ እርሱ ከቪኒል ስለሚሠራ ቢጣመም እንጂ እንደ ገንቦ አይሰበርም፤ «ሸክላ» የሚለው ስም ግን ወረሰው። በአገራችን በ1948 እ.ኤ.አ. በወጣ ትእዛዝ ሸክላ ማሳተምና ማስመጣት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተፈቅዶ ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. ግን አቶ አምኃ እሸቴ ይህን አጥር ጥሰው በግላቸው ማሳተም ጀመሩ፤ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስም ከመቶ በላይ የ45 ዙር ሸክላዎች አወጡ። ፊሊፕስም አሳትሟል፤ በመርካቶም ታንጎ በሚለው ሱቃቸው የታወቁት አቶ ዓሊ አብደላ ካይፋ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በካይፋ ስም አሳትመዋል። ኋላ ካሴት መጣና ሸክላው ቀረ።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው። በአገራችን የሸክላ ማተሚያ ፋብሪካ አልነበረም። ዘፈኑ አዲስ አበባ ላይ በቴፕ ይቀዳል፤ ቴፑ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፤ ታትሞ ሸክላ ሆኖ ይመለሳል። የአምኃ ሸክላዎች መጀመሪያ በሕንድ፣ በኋላም በሊባኖስ ታትመዋል። እንግዲህ አንድ ዘፈን ከዘፋኟ አፍ ወጥቶ ወደ እኛ ጆሮ እስኪደርስ ቢያንስ በአራት የሚዞሩ መኪናዎች ያልፋል፤ ይኸውም የቀዳው ቴፕ፣ በፋብሪካው ቴፑን የሚያጫውተው፣ ሸክላውን የሚቀርጸውና የእኛው ማጫወቻ ናቸው። ከአራቱ አንዱ ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ ዘፈኑ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል።

መርካቶ የሄድነው ከምናለሽ ተራ ብዙ ሳይርቅ አሮጌ ሬዲዮና ሸክላ ወደሚሸጡ አንድ አባት ዘንድ ነው። ሱቃቸው ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ነው። የምንፈልገውን ዘፈን ስንነግራቸው ሁለት ቅጂ አወጡልን። አንዱ መለያ ወረቀቱ የነጣ፣ ሁለተኛው ቀለሙ ገና ደማቅ የሆነ ነው። ነጣ ያለውን «አሮጌው»፣ ሌላውን «ደማቁ» እያልን እንጠራቸዋለን። ሁለቱንም አጫወቱልን። ደማቁ ከፍ ብሎ ይሰማል፣ ፈጠንም ይላል፤ አሮጌው ዝቅ ያለና ረጋ ያለ ነው።

«ጋሼ፣ የትኛው ነው ትክክለኛው?» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ ሸክላ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ፒካፑ ነው» አሉን።

አነጋገራቸው ደስ ቢለንም ግማሹ ብቻ ልክ ሆኖ አገኘነው። ሁለቱም ቅጂ የተጫወቱት በአንድ ማጫወቻ ስለ ሆነ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከማጫወቻው ሊመጣ አይችልም። የሆነ ሆኖ ማጫወቻው ራሱ ልክ መሆኑን ሳያረጋግጡ ስለ ሸክላው መናገር ከንቱ ነውና ከእርሱ ጀመርን።

የማጫወቻን ፍጥነት ለማወቅ ወረቀትና ሰዓት ይበቃል። ከሸክላው ጠርዝ ሥር ትንሽ ቍራጭ ወረቀት ወደ ውጭ እንዲወጣ አድርጎ ማስቀመጥና መርፌው ሸክላው ላይ እንዳለ የወረቀቱን ዙር መቍጠር ነው። ልክ የሆነ ማጫወቻ በሁለት ደቂቃ 90 ጊዜ ይዞራል። አንድ ዙር ቢጨምር ወይም ቢጐድል ስሕተቱ ከመቶ አንድ ያህል ነው። የጋሼ ማጫወቻ 92 ዞረ። ከሥሩ ያለችውን ብሎን በዊንዲ ጥቂት ሲያጠብቋት 90 ላይ ቆመ፤ ይህን ያህል ዓመት ዘፈን ሲያፈጥኑ እንደ ኖሩ ስንነግራቸው «ፈጠን ሲል ገዢ ይወዳል» ብለው ሣቁ።

ከዚህ የተሻለ ዘዴ የሚሻ ዙሪያውን ጥቁር መስመር የተሠመረበት ክብ ወረቀት ይጠቀማል። የአገራችን ኮረንቲ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አሮጌ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ 133 መስመር ያለው ወረቀት በ45 ዙር ሲሽከረከር መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ። በሒሳቡ የሚወጣው 133 ከሢሶ ነው፤ የመስመር ሢሶ መሣል ስለማይቻል ግን 133 ሆነ፤ በዚህም ከመቶ ሩብ ያህል ስሕተት ይገባል፤ ይህን ጆሮ አያገኘውም። በአሜሪካ የታተመ ወረቀት 160 መስመር ስላለው እዚህ አይሠራም። ከዛሬዎቹ አምፖሎችም ብዙዎቹ እንደ ቀድሞው ብልጭ ስለማይሉ ወረቀቱ ያታልላል።

ስለ አሜሪካ ካነሣን ዘንድ የጥፋታችን ምንጭ ያለው እዚሁ ነው። ቅጂውን መጀመሪያ ወደ ስልክ የገለበጠውን ወጣት ፈልገን አግኝተነው ነበር። ማጫወቻው ከአሜሪካ በዘመድ የመጣለት ነው። የዚያ አገር ኮረንቲ 110 ቮልት ያህል ስለ ሆነ ትራንስፎርመር ገዝቶ አገናኘው። ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ የኮረንቲውን ምልልስ አይለውጥም፤ በአሜሪካ 60፣ በእኛ 50 ነው። ሞተሩ ምልልሱን ተከትሎ የሚዞር ዓይነት ከሆነ ከስድስት አንድ እጅ ፍጥነቱን ያጣል፤ 45ቱ ዙር 37 ተኩል ይሆናል። የ3 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ዘፈን 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይፈጃል፤ ድምፁም በፒያኖ ከሦስት ቁልፍ በላይ ይወፍራል፤ ሴቲቱ ወንድ ትመስላለች። ወጣቱም ይህን ሰምቶ ዝም አላለም፤ በኮምፒዩተር ማፍጠን ጀመረ። የት ላይ እንዳቆመ ስንጠይቀው «ደስ እስኪለኝ ድረስ» አለን። ደስ ያለው 3 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ሲደርስ ነው! ማጫወቻው ያሳጣውን መልሶ ሌላ ሙሉ ድምፅ ጨመረበት።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያህል ስሕተት የሙዚቃ ጆሮ አለን የምንለው ሰዎች እንዴት ሳንሰማ ቀረን? ይህ ጥያቄ ብዙ አሳስቦናል። መልሱ በቅኝቱ ላይ ያለ ይመስለናል። ፍጥነት ሲለወጥ ድምፆቹ ሁሉ በአንድ መጠን ይቀጥናሉ ወይም ይወፍራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይነካም። ትዝታው ትዝታ፣ ባቲው ባቲ፣ አንቺሆዬውም አንቺሆዬ እንደ ሆነ ይቀራል። እኛ ከልጅነት የለመድነው የድምፆቹን ዝምድና መስማት ነው እንጂ የእያንዳንዱን ከፍታ መለካት አይደለም። ክራር መቺ እንኳ ክሩን የሚወጥረው እንደ ዘፋኙ ጉሮሮ ነው፤ ዛሬ ከፍ፣ ነገ ዝቅ ቢል ማንም አይወቅሰውም። ስለዚህ ቅኝቱ እስካልተበላሸ ድረስ ጆሮአችን አይደነግጥም። የሚያጋልጠው ሌላ ነው፤ የድምፅ መርገብገቡ ሲፋጠን እንደ ፍየል ይሆናል፣ የትንፋሽ መሳቧ አጭር ይሆናል፣ አነባቢዎቹም የልጅ አፍ ይመስላሉ። ይህን ሁሉ እኛ «የድሮ ሰው አዘፋፈን» ብለን አልፈነው ነበር።

ወደ ሁለቱ ቅጂዎች እንመለስ። ማጫወቻው ከተስተካከለ በኋላ አሮጌው 3 ደቂቃ ከ30፣ ደማቁ 3 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሆኑ። ከመቶ ሁለት ያህል ልዩነት ነው፤ በድምፅ ሲታሰብ በፒያኖ ላይ ካሉት የሁለት ጎረቤት ቁልፎች ርቀት አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ለዘፋኝ ጉሮሮ ይህ አይከብድም፤ ከኪቦርድ ጋር አብሮ ለመጫወት ግን አይመችም።

ደማቁ ሌላም ጠባይ ነበረው፤ ረጅም ድምፅ ሲመጣ እንደ ሰካራም ወዲህና ወዲያ ይላል። መጀመሪያ ቀዳዳው ላይ የምትገባውን ማሟያ ጠረጠርን፤ የጋሼ ማሟያ ከፕላስቲክ ክዳን በምላጭ የተቈረጠች ናትና። በእርስዋው ላይ አሮጌው ሲጫወት ግን አይወዛወዝም። እንግዲህ የደማቁ ቀዳዳ ራሱ ከመካከሉ ስቷል። መርፌውን የያዘው ክንድ በየዙሩ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሲመላለስ በዐይን ይታያል፤ ቀዳዳው በግማሽ ሚሊ ሜትር ስቷል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ፍጥነቱ በየዙሩ ከመቶ ስምንት ዐሥረኛ ያህል ከልኩ ይወጣል፣ ደግሞም ያን ያህል ይወርዳል። ዙሩ አንድ ሰከንድ ከሢሶ ስለሚፈጅ መወዛወዙም በዚያው ልክ ይደጋገማል። ይህን መለየት ቀላል ነው፦ ድምፁ ከዙሩ ጋር የሚወዛወዝ ከሆነ ቀዳዳው ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከፈጠነ ሌላ ምክንያት ፈልግ። የቀዳዳ መሳት የሚያስጨምረውን መልሶ ስለሚያስቀንስ የዘፈኑን ጠቅላላ ርዝመት አይለውጥምና አራቱን ሰከንድ በእርሱ ልናሳብብ አንችልም።

ታዲያ አራቱ ሰከንድ ከየት መጡ? ይህን ለማስረዳት ከዚህ መጽሔት የቀረበ ምሳሌ የለም። መጽሔታችን በስቴንስል ይባዛል። ስቴንስሉ አንድ ጊዜ ይተየባል፤ ከዚያ መኪናው ላይ ወጥቶ ብዙ ወረቀት ይወጣዋል። የመጨረሻው ወረቀት ሊደበዝዝ፣ ሊዛነፍ፣ በቀለም ሊጨማለቅ ይችላል፤ ነገር ግን አንዱ ወረቀት ላይ «ጓደኛ» ያለው ሌላው ላይ «ወዳጅ» ሊል አይችልም። እንዲህ ከሆነ ሌላ ስቴንስል ተተይቧል ማለት ነው። ሸክላም እንዲሁ ነው። ቴፑ እየተጫወተ በሚዞር ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ቦዩ አንድ ጊዜ ይቀረጻል፤ ያ በብረት ይለበጥና ከግልባጩ ግልባጭ እየተወሰደ የማተሚያ ማኅተም ይወጣለታል። ማኅተሙ ሲያልቅ ሌላ ይሠራል። በማኅተሙ ማርጀት ድምፁ ሊደነዝዝ ይችላል፣ በማተም ጊዜ ቀዳዳው ሊስት ይችላል፣ ሸክላው ሊጣመም ይችላል። ፍጥነቱ ግን አይለወጥም፤ ፍጥነቱ የተወሰነው ቦዩ በተቀረጸ ጊዜ ነው። በአንድ ማጫወቻ ላይ ርዝመታቸው የተለያየ ሁለት ቅጂዎች በሁለት ጊዜ የተቀረጹ ናቸው፤ ከሁለቱ ባንዱ ጊዜ ወይም ቴፑ ወይም መቅረጫው ከልኩ ወጥቷል።

ማረጋገጫውም እሸክላው ላይ አለ። ቦዩ ካለቀበት እስከ መለያ ወረቀቱ ድረስ ባለው ልሙጥ ቀለበት ላይ በእጅ የተጫረ ወይም በማኅተም የተመታ ቁጥር ይገኛል። ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ማንበብ ነው። በአሮጌውና በደማቁ ላይ ቁጥሩ አንድ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ግን ፍጹም የተለያየ ነው። ጋሼ ያን ያህል ዓመት ሸክላ ሲሸጡ ይህን ጽሑፍ ልብ ብለውት አያውቁም ነበር፤ ከዚያ በኋላ መነጽራቸውን አድርገው መደርደሪያውን በሙሉ ማገላበጥ ጀመሩ፤ ደንበኛ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል።

ከሁለቱ የትኛው ልክ ነው ለሚለው ሸክላው ራሱ መልስ የለውም። የውጭ ምስክር ያስፈልጋል። ምስክራችን ኦርጋኑ ሆነ። ሳክስፎን በነፋሹ ከንፈርና በሙቀት ጥቂት ይለዋወጣል፤ ኦርጋን ግን ተጫዋቹ ስለ ፈለገ አይቀጥንም። በሰከንድ 440 የሚመታ የመቃኛ ሹካ ተውሰን አጠገቡ ስናሰማ አሮጌው ከሹካው ጋር ተስማማ፤ ደማቁ በዚያ አንድ ሦስተኛ ቀጠነ። ስለዚህ ወደ አሮጌው አደላን። ኦርጋኑ ራሱ ያን ቀን ከልኩ ወጥቶ ከነበረስ? ይህ ሊሆን ይችላልና «አደላን» እንላለን እንጂ «ፈረድን» አንልም። ዘፈኑ በክራርና በማሲንቆ ብቻ የታጀበ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይህም ምስክር ባልተገኘ ነበር።

እንዲህ ያለው ስሕተት የእኛ አገር ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» እንጠቅሳለን። በ1959 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ትልቅ ኩባንያ ስቱዲዮ ሲቀዳ ከሁለቱ ቴፖች ዋናው ቀስ ብሎ ይዞር ስለ ነበር የመጀመሪያው ገጽ ሦስት ሙዚቃዎች ከልካቸው ቀጥነው ታተሙ። እስከ 1990ዎቹ ድረስ በዓለም ላይ የነበሩ ተማሪዎች ከዚያ ሸክላ ጋር ለመጫወት ሲሞክሩ መሣሪያቸው ያልተቃኘ ይመስላቸው ነበር። ልክ ሆኖ የተገኘው ለመጠባበቂያ የተቀዳው ሁለተኛ ቴፕ ነው።

ስለ ድምፁ ከፍታ ባጭሩ። ደማቁ ጎላ ብሎ ስለሚሰማ ገዢው ሁሉ እርሱን ይመርጣል። ጉላት ግን የእውነተኛነት ምልክት አይደለም፤ ቀራጩ ቦዩን ምን ያህል አስፍቶ እንዳወዛወዘው ብቻ ያሳያል። ዘፈኑ ረጅም ሲሆን ቦዮቹ እንዲጣበቡ ግድ ስለሚሆን ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ያለው ላይ ደግሞ የአቧራው ቍጭቍጭታ ጐልቶ ይሰማል። በተጨማሪም መርፌው በውጭ ጠርዝ በሰከንድ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦይ ሲሄድ መጨረሻ ላይ ሲደርስ 25 ብቻ ይሄዳል። ያው ድምፅ በጠባብ ቦታ ይታጨቃል ማለት ነው፤ ስለዚህ በዘፈኑ ማብቂያ ላይ «ሰ» እና «ሸ» ሻካራ ሆነው ቢሰሙ ዘፋኟን አትውቀሱ። ያረጀ መርፌ ደግሞ ይህን ያብሳል፣ ቦዩንም ይፍቃል፤ ሸክላ ከመግዛት በፊት መርፌ መግዛት ይቀድማል።

አሮጌውን ገዛን። ጋሼ ዋጋ ሊቀንሱልን እንቢ ቢሉም በፒካፓቸው እንድንገለብጠው ፈቀዱልን። በክበቡ ኮምፒዩተር ላይ የነበረውን ቅጂ አጥፍተን በቦታው አዲሱን አኖርን፤ ከፋይሉም ጋር ማጫወቻው በሁለት ደቂቃ ስንት እንደ ዞረ፣ የዘፈኑ ርዝመት ስንት እንደ ሆነ፣ በቀለበቱ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዴት እንደሚነበብና ኦርጋኑ ከሹካው ጋር መስማማቱን ጽፈናል። ከመካከላችሁ የሸክላ ቅጂ ያለው ቢኖር እነዚህን አራት ነገሮች ጽፎ ቢያመጣልን እናነጻጽራለን።

ጓደኛችንን ፈልገን ከቤተ መጻሕፍት ደጃፍ አገኘናትና ነገሩን ከነሒሳቡ ነገርናት። ይቅርታም ጠየቅን። ብዙ አልተናገረችም፤ «መጀመሪያ ሸክላውን አሰሙኝ» አለችን። ከስልኩ አሰማናት። አዝማቹ ሲደርስ ከንፈርዋን እያንቀሳቀሰች አብራ ጀመረች፤ ከዚያም በድምፅዋ። አልተሰበረም። ወደ ክበቡ ስለ መመለስ ግን እስካሁን አልመለሰችልንም።